ነበረ የማይባለው ልጅ

በመጀመሪያው ቀን በአያ ካሳ ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን። ጋሽ ደባሱ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤትና አለቃችን። ታደለ፣ ካሜራ የሚይዘውና ኋላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚቆርጠው የሚቀጥለው። አያ ካሳ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግዳ በበቅሎ እየጫኑ ወደ ተራራው ገዳም ሲያወጡ የኖሩ ሽማግሌ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ፣ ከበሩ ጀርባ ቆመው በስንጥቁ የሚያዩት። ልጄ ቤዛ፣ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ፣ የማስቀምጥበት ቤት አጥቼ ያመጣኋት። እና እኔ፣ ሙሉ፣ ወንበር እንድጠርግና ዕቃ እንድሸከም የተቀጠርሁት።

ከዚያ በፊት ላሊበላ ውስጥ የሆቴል አንሶላ አጥብ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ አንሶላውም ጠፋ። ጋሽ ደባሱም የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጹ ነበር፤ ሰርጉም ሲቀዘቅዝ አዲስ ሥራ ጀመሩ። አዲስ አበባና ዓረብ አገር ያሉ ልጆች «የእናታችንን ታሪክ ቅረጹልን፣ ፎቶዎቿንም ጨምሩበት» እያሉ ይደውላሉ። ሽማግሌው ሲናገር ይቀረጻል፣ የድሮ ፎቶ ይሰበሰባል፣ ሁለቱ ይገጣጠሙና አንድ ቪዲዮ ይሆናሉ። በእኛ አገር ሰው «ታሪክ ማስቀረጽ» ይለዋል።

ያን ቀን ጋሽ ደባሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በሬዲዮ ድምፅ «የትውልድ ዘመንዎንና ቦታዎን ቢገልጹልን» አሉ። አያ ካሳ ቆባቸውን አወለቁና ተነሥተው ቆሙ። «ጌታዬ፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም» አሉ። ፍርድ ቤት የቆሙ መሰላቸው። «ይቀመጡ አያ» ሲሏቸው ይቀመጣሉ፣ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ይነሣሉ። ታደለ ካሜራውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ደከመው።

በመካከሉ ቤዛ የመብራቱን ገመድ ልትረግጥ ሄደች። «ቤዛ! ገመዱ! ትሞቻለሽ!» ብዬ ጮህሁ። ሁሉም ደነገጡ። አያ ካሳ ግን ሳቁ። «እናቴ እንዲህ ነበር የምትጮህብኝ» አሉ። «ገደል አጠገብ በቆምሁ ቁጥር። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ኑሮዬ ገደል ለገደል ሆኖ ቀረ።» ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። ባትሪው እስኪያልቅ ተናገሩ፣ ዓይናቸው ግን ካሜራው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ደባሱ «ከነገ ጀምሮ ወንበር መጥረግ ቀርቶልሻል። ትጠይቂያለሽ» አሉኝ።

«ምን እያልሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እንደዛሬው ጩኺ።»

እንዲህ ነው ጠያቂ የሆንሁት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ይህን የምጽፈውን ራሱ ፊደሉን ቤዛ ነች ያየችልኝ። ለእናንተ ለባልደረቦቼና አሁን ለምትጀምሩት የምነግራችሁ ያየሁትን ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ አራት ሰው አለ። አዛዡ የሚከፍለው ልጅ ነው። አለቃው ይስማማል። ጠያቂው ያናግራል። ቆራጩ ይገጣጥማል። ባለታሪኩ ከአራቱ ውስጥ የለም። ይህን ለማስተዋል ጊዜ ወስዶብኛል።

ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ አይላጥም። ስንት ልጅ የአባቱን ፊት በጥፍሩ ልጦ መጥቶ አልቅሶብናል። ከነመስታወቱ መስኮት አጠገብ ይቆማል፣ ብርሃኑ ከጎን ይመታዋል፣ ታደለ ያነሣዋል። እኔ ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ዘርግቼ እቆማለሁ፤ ያለዚያ የእኛው ፊት መስታወቱ ላይ ይወጣና ከሙታን ጋር እንታያለን። ፎቶ ከባለቤቱ ቤት አናወጣም። የሰዎቹን ስም ከግራ ጀምሬ እጠይቃለሁ፤ «ይህ ደግሞ አንዱ ነው» የሚባል ሰው ካለ አላልፈውም፣ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው እሱ ጋ ነው።

ማይክ ነጠላ ላይ አይሰካም። ነጠላው ሲተሻሸው ዝናብ የጣለ ይመስላል። ከነጠላው በታች፣ ከቀሚሱ አንገት ላይ ነው የሚሰካው፤ ለሴት የምሰካው እኔ ነኝ።

ዘመን አልጠይቅም። ፎቶው ላይ ያለውን ዕቃ እጠይቃለሁ። «ይህን ጃንጥላ ማን አመጣው?» ስል የሰው አፍ ይፈታል። አንዲት ሴትዮ ከተበደሩት ጫማ ተነሥተው እስከ ሦስት ባሎቻቸው ደርሰውልኛል።

ጠባዬ ለሥራው ይጠቅማል ይላሉ፣ ግን ሰው ያሰለቻል። ቀይዋ መብራት መብራቷን ሳላይ አልጀምርም፣ ከጀመርሁም በኋላ አላምናትም። «ታደለ፣ በርታለች?» እለዋለሁ።

«እትዬ ሙሉ፣ አሁን እኮ ነገርሁሽ።»

«አሁን ያልኸው ያኔ ነው።»

የመንገዱ ነገርም አለ። ሚኒባሱ ሲያዘነብል ካሜራውን ትቼ ስልኬን ነው የምይዘው። ቤዛ አሁን ወልድያ ትማራለች። ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር እደውላለሁ። «እማ፣ አሁን ደውለሽ ዘጋሽው እኮ» ትለኛለች። አውቃለሁ። ዳግመኛ ልስማት ብዬ ነው።

ሥራውን ከለመድሁ በኋላ ከአዲስ አበባ ፋንታዬ የምትባል ሴት ደወለች። እናቷ እማ ጥሩነሽ ከኮን ከተማ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንድሟ ጌትነት ከብዙ ዓመት በፊት በበረሃ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር እንደወጣ ወሬው ጠፍቷል። አብረውት ከወጡት አንዱም አልተመለሰም።

«የእማን ታሪክ ቅረጹልኝ» አለች ፋንታዬ። «ወንድሜን ደግሞ እንደሞተ ሰው አድርጋችሁ ሥሩት። እኔ በድምፄ እናገርለታለሁ። እማ አንድ ቀን መቀበል አለባት። ዕድሜዋን በር በር እያየች ልትጨርስ ነው።»

ክፉ ልጅ አልነበረችም። ስትናገር ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። እኔ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ደባሱን «ሳይረጋገጥ?» አልኋቸው።

«ማን ያረጋግጣል ሙሉ? ያዘዘችውን እንሠራለን።»

ታደለ ለሞቱ ሰዎች የሚያደርገው ነገር አለው። የፎቶውን ቀለም ያጠፋዋል፣ ፊቱን ቀስ እያደረገ ያቀርበዋል፣ ከሥሩ ዋሽንት ያስገባል። ያየ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ይገባዋል። ፋንታዬም የተናገረችውን በቴሌግራም ላከችልን። «ጌትነት ደግ ልጅ ነበረ» ብሎ ይጀምራል።

ኮን ደርሰን፣ ከዚያ ዕቃ ተሸክመን በእግር ወጣን። ነፋሱ የሰው ቃል ከአፉ ይነጥቃል። እማ ጥሩነሽ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘናቸው። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው አንድ ቦታ የማያርፍ። ከመቀመጤ «ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አንዲት አለችኝ። ወልድያ ትማራለች።»

«ደወልሽላት ዛሬ?»

«ደውያለሁ።»

«ደግ አደረግሽ።»

የጌትነት ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፣ ለፈተና የተነሣው ጉርድ ፎቶ። ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ብለዋል። በላስቲክ ጠቅልለው ከሣጥናቸው ውስጥ አወጡልኝ። እኔም ሥራዬ ነውና ጠየቅሁ፤ «ይህ ነው ልጅዎ የነበረው?»

እጃቸው ፎቶው ላይ ቀረ። «ነበረ ምንድን ነው?»

ታደለ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነው በይ» አሉኝ። «ልጄ ሥራ ላይ ነው።»

«የት ነው የሚሠራው እማ?»

«ሥራ ያለበት ነዋ! ሥራ ያለበት ሰው የት ይሆናል?»

ከዚያ በኋላ ስለሱ ሲናገሩ ሁሉም ያሁኑ ነበር። ቆሎ ይወዳል። ውሻ ይፈራል፣ እንደሚፈራ ግን አይናገርም። ሲተኛ ጥርሱን ያፋጫል። ታሞ እንኳ «ደህና ነኝ» ይላል፣ አታምኑት። ስለ ባላቸው፣ ስለ ወንድሞቻቸው ሲናገሩ «ነበረ» ይላሉ፣ ስለ ጌትነት ሲሆን አንድም ጊዜ አላሉም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ላብ ያጠምቀኝ ነበር፣ ያ ሁሉ ነፋስ እያለ።

ላሊበላ ተመልሰን ታደለ መገጣጠም ሲጀምር ችግሩ መጣ። ልጅቱ «ነበረ» ትላለች፣ እናትዬው «ይወዳል፣ ይፈራል፣ ያፋጫል» ይላሉ። «አይጋጠምም» አለ። «አንዱ መውጣት አለበት።»

ጋሽ ደባሱ የእናትየውን አውጣ አሉት።

«ጋሼ፣ ታሪኩ የማን ነው?» አልሁ።

«ሙሉ፣ አንቺ ጠያቂ ነሽ። ቆራጩ ታደለ ነው። አዛዧ ፋንታዬ ናት። ሁላችንም ቦታችንን እንወቅ።»

ወጣ። ቆሎው ወጣ፣ ውሻው ወጣ። እኔ ወጥቼ በረንዳውን ጠረግሁ፣ የተጠረገ በረንዳ።

ቪዲዮው ሲያልቅ ፋንታዬ ራሷ ከአዲስ አበባ መጣች፣ ትልቅ ቴሌቪዥን በካርቶን ከነሶላር ባትሪው ይዛ። «ሰርፕራይዝ ነው የማደርጋት» አለች። ለነፍስ አባቷ ለቄስ ሞላ ደውላ፣ «የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘው ከቤታችን በታች ባለችው መንታ መንገድ በጠዋት ይጠብቁኝ። ለእማ ምንም እንዳይነግሯት» ብላቸዋለች። ቀኑ የኮን ገበያ ስለነበረ ሰው ወደ ገበያ ሳይወርድ መድረስ ነበረብን። ኮን አደርንና ጎህ ሲቀድ ወጣን።

መንታ መንገዱ ላይ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ማንም አይናገርም። ቄስ ሞላ ፋንታዬን መስቀል አሳለሟትና «እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ» አሏት። «አሜን አባቴ» አለች፣ በደስታ። እሳቸው ግራ ተጋብተው አዩዋት። ብርዱ ስለከበዳት ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ነበር።

አያ ደሳለ የሚባሉት አንዱ ሽማግሌ ወደ ካርቶኑ ተጠጉ። በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ቀስ አሉና «ልብሱ ነው የመጣው?» አሉኝ።

«የማን ልብስ አያ?»

«የጌትነት ነዋ።»

ወደ ቄሱ ዞርሁ። «አባ፣ ለምን የተጠራችሁ መሰላችሁ?»

«ለመርዶ ነው እንጂ ልጄ። በዚህ ሰዓት፣ ሽማግሌ ይዛችሁ ኑ፣ ለእናቷ አትንገሩ ተብሎ፣ ሌላ ለምን ይሆናል?»

ፋንታዬ «ምን?» አለች። ከተማ ስትኖር ረስታው ነበር። እኔ እንኳ፣ ሁሉን የምጠረጥረው ሴት፣ ስለ ገመድና ስለ ባትሪ ሳስብ ይህ ጠፍቶኛል።

«ሴቶቹስ?» አልሁ። መርዶ ሲረዳ ሴቶች ቀድመው እንደሚገቡ ማን ያጣዋል። እናት ስትሰማ እንዳትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል።

«ስንዱ ጎረቤቷ ቀድማ ወጥታለች» አሉ ቄስ ሞላ።

ኮምፒውተሩን እንደታቀፍሁ ሮጥሁ። ዳገቱ ድንጋይ ነው፣ ጤዛው ያዳልጣል። ጋሽ ደባሱ ከኋላ «ሙሉ! ኮምፒውተሩ!» ይላሉ። እኔ በልቤ «አትያዣት፣ ስንዱ፣ ክንዷን አትያዣት» እላለሁ።

ስደርስ ይዛቸዋለች። እማ ጥሩነሽ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፣ ስንዱ በግራ ክንዳቸው ገብታለች። ምንም አልተናገረችም፣ መያዟ ብቻ በቃቸው። መጀመሪያ ክንዳቸውን አዩ፣ ቀጥሎ በእሷ ትከሻ አሻግረው ዳገቱን የሚወጡትን ሰዎች አዩ፣ ቄሱን፣ ጋቢዎቹን፣ ጥቁሩን ሻርፕ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ጣሉ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ገብስ ሳጭድ ውዬ ማጭዱ ቢቆርጠኝ፣
ስምህን ጠርቼ ጎረቤት መጣልኝ!»

«መርዶ አይደለም!» ብዬ ጮህሁ። «እማ! መርዶ አይደለም! ቪዲዮ ነው!»

ማን ይስማኝ። ስንዱ ራሷ ማልቀስ ጀምራለች። ከሸለቆው ማዶ ያለ ሰው ጩኸቱን ተቀበለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ከሱ ተቀበለ። ገበያ ሊወርድ የነበረ ሰው አህያውን መልሶ ወደ እኛ ሲሮጥ ይታያል። ያላለቀሰ ጋራ አልነበረም።

ፋንታዬ ደረሰች። እናቷን በሁለት እጇ ፊታቸውን ይዛ «እማ! እማዬ! አልሞተም! አልሞተም እኮ ነው የምልሽ! ማንም አልሞተም!» አለች።

እማ ጥሩነሽ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«ጌትነት አልሞተም?»

«አልሞተም!»

«አንቺም ጋ ደወለ እንዴ?»



ፋንታዬ «አንቺም ጋ ማለት ምንድን ነው እማ?» አለች።

እማ ጥሩነሽ የጣሉትን ነጠላ አነሡና አራገፉት። የተያዙ ሌባ መሰሉ። «አንድ ጊዜ ነው» አሉ። «በስንዱ ስልክ።»

«በእኔ ስልክ!» አለች ስንዱ። «በእኔ ስልክ ሲደወል ሰጠሁዎት፣ ዘጉና የተሳሳተ ቁጥር ነው አሉኝ እኮ!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? አገሩን ሁሉ ልትሰበስቢብኝ?»

«ምን አለሽ?» አለች ፋንታዬ። «እማ፣ ምን አለሽ?»

«እታለም አለኝ። ከዚያ በግ ጮኸ። ከዚያ ተቋረጠ።»

ፋንታዬ ካርቶኑ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ስክሪኑ! ስክሪኑ!» አለ ታደለ፣ ማንም አልሰማውም። እታለም እማ ጥሩነሽን ትናንሽ ወንድሞቻቸው የሚጠሩበት ስም ነበር። ጌትነት የበኩር ልጅ ስለሆነ አፉን የፈታው በአጎቶቹ መካከል ነው፣ እነሱ ሲሉ ሰምቶ እናቱን እታለም ብሎ ቀረ። ፋንታዬ ግን እማ ነው የምትለው። አጎቶቹ ሁሉም ሞተዋል። በሕይወት ካሉት ሰዎች እሳቸውን እታለም የሚል አንድ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ፋንታዬ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉ እናቷ። «ነገሩን ገልብጠሽ ታዪዋለሽ። እማ፣ ሌላ ሰው ነው፣ እህቱን ፈልጎ ተሳስቶ ነው ብትዪኝ ምን ይቀረኛል? እኔ ያለችኝ እሷ አንዲት ቃል ናት።»

የስልኩን ቁጥር ጠየቅን። ስንዱ ያን ስልክ ከቀየረችው ቆይታለች።

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አነሡና ባጭሩ ጸለዩ፣ የተለቀሰው ለቅሶ በሕያው ላይ እንዳይተርፍ። ከዚያ አንዱን ሰው አፋፉ ላይ አቁመው «ተመለሱ! ደህና ነው! ማንም አልሞተም!» አስባሉት። የተመለሰ አልነበረም፤ ሁሉም ምን እንደሆነ ሊያይ መጣ።

አያ ደሳለ መደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «እኔ ገበያዬን ትቼ የመጣሁት ላለቅስ ነው» አሉ። «እንግዲህ ለቴሌቪዥንም ቢሆን ከተቀመጥሁ ተቀመጥሁ። ክፈቱት።» ሰው ሳቀ። እማ ጥሩነሽም፣ ዓይናቸው ሳይደርቅ፣ «አንቱ መቼስ ለየትኛውም ቢሆን ለመቀመጥ አይሰንፉ» አሏቸው።

ጋሽ ደባሱ ወደ እኔ መጡ። «በይ ኮምፒውተሩን ስጭው፣ ባትሪው ሳያልቅ።»

አልሰጠሁም። ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ውስጡ ያለው ያ ቀለሙ የጠፋው ፊት ነው፣ ያ ዋሽንት፣ ያ «ነበረ»። ያን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ብንከፍተው ሁለተኛው መርዶ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ «አይደለም» ብሎ የሚጮህ ሰው አይኖርም።

«ሙሉ!» አሉ።

«ፋንታዬ ትምጣና ትዘዘኝ» አልሁ። «አዛዧ እሷ ናት ብለውኛል።»

ፋንታዬ ከካርቶኑ ላይ ተነሣች። ፊቷ አብጧል። «ነበረ የሚለውን አውጡት» አለች።

«ካወጣሁት ባዶ ይሆናል» አለ ታደለ። «አዲስ ድምፅ ያስፈልገኛል። እዚህ ደግሞ ነፋሱ፣ ሰዉ፣ በጉ...»

ወደ ጓዳ ወሰድኋት። የእህል ጎታ አጠገብ ድምፅ አያስተጋባም፣ ጭቃው ይውጠዋል። ማይኩን ከአንገቷ ላይ ሰካሁላት፣ ሻርፑን አወለቅሁላት። ታደለ ከበሩ አጠገብ ተንበረከከ። «በርታለች?» አልሁት። «በርታለች።» «እርግጠኛ ነህ?» «እትዬ ሙሉ!»

«ጌትነት ደግ ልጅ» አለች ፋንታዬ። ቆመች። ትንፋሿን ሰማሁ። «ነው» አለች።

ታደለ እዚያው ጎታው ሥር ተቀምጦ ገጣጠመ። ዋሽንቱን አወጣ፣ የፊቱን ቀለም መለሰ። የወጡት የእናትየው ቃላት በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለነበሩ ወደ ቦታቸው ገቡ፣ ቆሎውም፣ ውሻውም፣ ጥርስ ማፋጨቱም። ሁሉም ተጋጠሙ። በፋንታዬ ቃል መካከል ያለችውን ዝምታ ሊቆርጣት ሲል እጁን ያዝሁት። አሁንም ቪዲዮው ላይ አለች። «ደግ ልጅ» ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ «ነው» ይላል።

እማ ጥሩነሽ የጌትነት ፊት ሲመጣ ከመደቡ ተነሥተው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ከኋላ ያለ ሰው «ጋረዱን እማ» አለ። «ዝም በል» አሉት አያ ደሳለ። «የራሷ ነው።»

ወደ ላሊበላ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ደባሱ ወደ እኔ ዞሩና «እታለም የሚባል ሰው በዚህ አገር ስንት ነው?» አሉኝ።

«ብዙ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔም አላውቅም።»

እውነቴን ነው። በእኔ ሰፈር ብቻ እታለም የሚባሉ ሴቶች አውቃለሁ። በበረሃ ያለ አንድ እረኛ እህቱን ፈልጎ ቁጥር ሊስት ይችላል። ይህን እያሰብሁ እንዳለሁ ጋሸና ላይ ኔትወርክ ገባና ወደ ቤዛ ደወልሁ። ጥሪው ቶሎ ካልተነሣ እንዴት እንደምሆን ልጄ ታውቃለች፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ለምትጀምሩት የምላችሁ ይህ ነው። ባለታሪኩ «ነው» ካለ «ነው» ብላችሁ አስገቡ፣ «ነበረ» ካለ «ነበረ»። እናንተ አትለውጡበት፣ የሚከፍለው ልጅም እንዲለውጥበት አትርዱት። ሰው ደግሞ በጠዋት በምስጢር አትሰብስቡ።

እማ ጥሩነሽ ደህና ናቸው። ስለ ልጃቸው እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው። ጌትነት ሙላው ይባላል፤ የኮን አካባቢ ልጅ ነው፣ አነጋገሩ የወሎ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጆሮዎቹ ወጣ ያሉ፣ አገጩ ላይ ከልጅነቱ የቀረ ጠባሳ አለው። በግ የሚጠብቅ ይመስለናል፣ የት እንደሆነ አናውቅም። ስሙንም ለውጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ዓረብ አገር ደርሶ ከምታነቡት ውስጥ አብራችሁት የሠራችሁ፣ አብራችሁት የታሰራችሁ፣ ወይም በመንገድ ያያችሁት ካላችሁ፣ ክፉም ይሁን ደግ ያወቃችሁትን እባካችሁ ንገሩን።